ኋላ ሰው ሲሞላ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል፤ ጠንካራ ሞላ ይፈታዋል?

የቱሉ ዲምቱው (ክሩን የከፈተው) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ 2008 ሞዴል። ቤቴ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ገባ ብሎ ነው። አስፋልት ላይ ምንም ችግር የለም። ፒስታው ላይ ግን ኋላ ሦስት ሰው ካለ፣ ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር ከኋላ "ግርርር" የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎማው ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የቦዲ ብረት) እየፋቀ ነው። ቀኝ በኩል ይብሳል። የጎማው ትከሻ ላይ ዙሪያውን ጭረት ወጥቷል። የፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝ ደግሞ ቀለሙን ለቆ ብረቱ ያበራል።

ጎማው 185/70/14 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው፣ በሚሊ። በሩ ላይ የተለጠፈው 165/70/14 ይላል፤ ከፍ እንድትልልኝ ብዬ ነው የቀየርኩት። ቸርኬውም የፋብሪካው አይደለም። አሉሚኒየም ነው፣ ስገዛት አብሯት የመጣ። የድሮው የብረት ቸርኬ ቤት ተቀምጧል።

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ጠይቄ "ጠንካራ ሞላ አለ፣ አስገባና ተገላገል" አሉኝ። ምን ያህል ጠንካራ ስል "በጣም ጠንካራ" ነው መልሱ። ሞላ በምንድን ነው የሚመረጠው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ፒስታ ነጂ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ብዙ አታስብ ወንድሜ። ስፔሰር (መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ) አስገባ፣ አለቀ። እኔ አራቱም ላይ አስገብቼ ሰንዳፋ እመላለሳለሁ፣ ድምፅ የሚባል የለም። ሞላ መቀየር ዝም ብሎ ብር መበተን ነው።

ቪትዟ ከለገጣፎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ጠንካራ ሞላ ስላስገባሁ ልናገር። መፋቁን አቁሟል፣ እውነት ነው። ግን ደስ የምትለው ሰው ሞልታ ስትሄድ ብቻ ነው። ብቻዬን ስሆን ኮብልስቶን ላይ ኋላዋ ትዘላለች። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ኩርባ ላይ ሸተት ማለት ያምራታል። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት "ይቺ ጋሪ ናት" ብላ ኋላ መቀመጥ ትታለች።

ሰው የምትሞላው አልፎ አልፎ ከሆነ ለዚያ ብለህ ሌላውን ቀን ሁሉ አትንገጫገጭ።

የቱሉ ዲምቱው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

በየቀኑ ነው እህቴ። ጠዋት ጎረቤቶቼን ይዤ ነው የምወጣው፣ ነዳጁን እንጋራለን።

ጋሽ መፍቻ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት በሽታውን እንለይ። መሪ ሲዞር የሚፋቅ ጎማና ጭነት ሲበዛ የሚፋቅ ጎማ ለየቅል ናቸው። ቆመህ መሪውን እስከ ጥግ ስትመልስ የፊት ጎማ ከነካ፣ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ሞላ ብታስገባ አይለቅህም። እሱ ወይ ጎማው ሰፍቷል፣ ወይ ቸርኬው ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ወይ ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ክሊፑ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ፕላስቲክ ተንጠልጥሎበት ሞላ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

ያንተ ኋላ ነው፣ ሰው ሲሞላ ነው፣ ጉድጓድ ላይ ነው። የሞላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ግን "ቀኝ በኩል ይብሳል" ያልካት ነገር አልተዋጠችልኝም። ኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ሁለቱም ጎን ነው የሚወርደው። አንዱ ጎን ከባሰ፣ እዚያ ያለው ሞላ ወይ ተሰብሯል ወይ ቁመቱ ወርዷል።

ደልዳላ ቦታ አቁማት። ሜትር ያዝና ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ለካ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማው ንፋስ ያታልልሃል። ባዶዋን ግራና ቀኙን ጻፍ። ከዚያ ክብደቱን የምታውቀው ነገር ጫንባትና እንደገና ለካ። ሰው አትጠቀም፤ ትክክለኛ ኪሎውን የሚናገር የለም።

ሌላ፣ ከመለካትህ በፊት እጅህን አስገብተህ ጭቃውን አራግፍ። የእናንተ ሰፈር ዋልካ ነው። ፓራፋንጎ ውስጥ ተጋግሮ ከደረቀ እሱ ራሱ ጎማ ይፍቃል።

የቱሉ ዲምቱው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ጭቃ ነበረ፣ ግን ድምፁን የሚያመጣ ያህል አይደለም።

ሰፈራችን ግንባታ አያጣም፣ አጠገቤ ከሚሠራ ጎረቤት ሲሚንቶ ተዋስኩ። አራት ከረጢት፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ በድምሩ 2 ኩንታል። ሁለቱን ኋላ ወንበር ላይ፣ ሁለቱን ከወንበሩ ጀርባ አስቀመጥኩ፤ ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ ብዬ ነው። ውጤቱ ይኸው፦

ባዶዋን፦ ግራ 362 ሚሊ፣ ቀኝ 347 ሚሊ
2 ኩንታል ይዛ፦ ግራ 306፣ ቀኝ 292

ዝም ብሎ አንባቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:58

ሲሚንቶውን መለስክ ወይስ ቤት ጀመርክበት?

ቁጥር ይውደድ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን። እስቲ እናስላው።

ግራው የወረደው 56 ሚሊ ነው። ቀኙ 55። ስለዚህ ሁለቱ ሞላዎች ጥንካሬያቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ቀኙ የሚለየው ከመነሻው 15 ሚሊ ዝቅ ብሎ መቆሙ ነው። ብዙ ሰው ሞላ ሲያረጅ የሚለሰልስ ይመስለዋል። አይለሰልስም፣ ያጥራል። ብረቱ በኪሎ የሚጨመቅበት ልክ ያው ነው፤ የሚጠፋው ቁመቱ ነው። ጋሽ መፍቻ የጠረጠሩት ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀኙን ፈታችሁ እዩት።

የሞላ ጥንካሬ ማለት አንድ ሚሊ ለመጨመቅ ስንት ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። 2 ኩንታሉ ለሁለት ሲከፈል ለአንድ ጎን 100 ኪሎ ይደርሳል። 100ን ለ56 ስናካፍል በሚሊ 1.8 ኪሎ ገደማ። ይሄ ጎማው ጋ የተለካ ነው። ሞላው የሚቀመጠው ከጎማው ራቅ ብሎ ስለሆነ የሞላው የራሱ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ለማነጻጸር ግን ይበቃናል።

አሁን 2.2 የሚሆን ሞላ አስገባህ እንበል፣ 22 ከመቶ ገደማ የጠነከረ። በ100 ኪሎ የሚወርደው 45 ሚሊ ይሆናል። 10 ሚሊ አተረፍክ። በዚያ ላይ ቁመቱ ከድሮው እኩል ከሆነ ባዶዋንም ከፍ ትላለች። ባዶዋን ሞላው በአንድ ጎን 170 ኪሎ ይሸከማል ብለን ብንነሳ፣ ባለ 1.8ቱ 94 ሚሊ ይጨመቃል፣ ባለ 2.2ቱ 77። ልዩነቱ 17 ሚሊ። ሰው ሞልተህ ስትሄድ እንግዲህ በድምሩ 27 ሚሊ ክፍተት ታገኛለህ። ለፓራፋንጎ 27 ሚሊ ቀላል አይደለም። "በጣም ጠንካራ" የሚሉትን ምን ያደርግልሃል?

ፒስታ ነጂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለ27 ሚሊ? የእኔ ስፔሰር 30 ሚሊ ነው፣ ያለ ካልኩሌተር።

ጋሽ መፍቻ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:05

ፒስታ ነጂ፣ አንተም ልጄ ነህ፣ አትቆጣ። ስፔሰር ሁለት ዓይነት ነው። ፊት ላይ ከአሞርዛተሩ (የሞላውን መወዛወዝ ከሚገታው) አናት በላይ የሚገባው ሞላውንም አሞርዛተሩንም አብሮ ዝቅ ያደርጋል። ጎማው ወደ ላይ መጥቶ የሚቆምበት ቦታም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ፊት ላይ ይረዳል።

ኋላ ግን ሞላና አሞርዛተር ለየብቻ በሆኑ መኪኖች ስፔሰሩ የሚገባው ሞላው ሥር ወይም አናቱ ላይ ነው። መኪናዋ ቆማ ስታያት ከፍ ትላለች። ጉድጓድ ስትመታ ግን ጎማው የሚቆመው ላስቲክ ማቆሚያው ሲያቆመው ነው፣ እሱ ደግሞ ቦታውን አልለቀቀም። ስለዚህ ከባድ ጉድጓድ ላይ ጎማው እዚያው የድሮው ቦታ ይደርሳል፣ እዚያው ይፍቃል። የሚደርሰው አልፎ አልፎ ይሆናል እንጂ አይቀርም። ጠንካራ ሞላ ግን ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ይከራከረዋል።

ሞላ መሀል የሚሰካውን ላስቲክ ደግሞ ከነጭራሹ አታምጡብኝ። የተወሰነውን ዙር ያስረዋል፣ ጫናውን የቀሩት ዙሮች ብቻቸውን ይሸከሙታል። ከዚያ አንድ ቀን ጧ!

የቱሉ ዲምቱው፣ ላስቲክ ማቆሚያህንም እይ። ተበልቶ ካለቀ ጎማው ከሚገባው በላይ ይወጣል። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል።

ፒስታ ነጂ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

የእኔም ኋላ ሞላው ላይ ነው የገባው። ጋሼ ካሉ እሺ፣ ሰው ጭኜ አይቼ እመለሳለሁ። ግን እስካሁን አልነካኝም!

የተራው ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:15

እኔ የመኪና ዕቃ እሸጣለሁ። የየት ሱቅ እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፣ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ።

ሞላ ልትገዛ ስትሄድ የድሮውን ፈትተህ ይዘህ ሂድ። ካልሆነ ካሊፐር ያዝ። በዓይን የሚመርጥ ሰው ይሸወዳል፣ ምክንያቱም ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ጥንካሬው ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚሄደው በአራት ብዜት ነው፤ ውፍረቱን አራት ጊዜ በራሱ ታበዛዋለህ። 10 ሚሊ የነበረ ሽቦ 10.5 ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ 22 ከመቶ ይጠነክራል። ግማሽ ሚሊ! 11 ከሆነ 46 ከመቶ ነው፤ ያኔ የእህታችን እናት ያሉት ጋሪ ላይ ደረስክ። ስትለካ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ፈልግ፣ ወፍራም ቀለም ራሱ ያሳስታል።

ከዚያ ዙሩን ቁጠር። የሚሠራ ዙሩ (ጫፍ ላይ ተቀምጦ የማይጨመቀው ሳይቆጠር) 6 የነበረ ሞላ 5 ከሆነ 20 ከመቶ ይጠነክራል። አንዳንዱ "ጠንካራ" ተብሎ የሚሸጥ ሞላ ግን የተቆረጠ ነው። ዙሩ ስላነሰ ጠንክሯል፣ ቁመቱም ስላጠረ መኪናዋን ያወርዳታል። ጎማ እንዳይነካ ብለህ የገዛኸው ጭራሽ ያስነካዋል። ጫፉን እይ፤ የድሮህን ጫፍ የማይመስልና በግራይንደር የተቆረጠ ከሆነ አትንካው። በእሳት የተሞቀ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላ ካየህም ሂድ ከዚያ ሱቅ። ብረቱ ጠባዩን ለውጧል።

ቶዮታ ከሆነ የዕቃ ቁጥሩ ይረዳሃል። የፊት ሞላ በ48131 ይጀምራል፣ የኋላው በ48231። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ናቸው ዓይነቱን የሚለዩት። ሞላው ላይ የምታዩት የቀለም ነጠብጣብም ለጌጥ አይደለም፣ ዓይነት መለያ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ቪትዝ ሞላውም ሊለይ ስለሚችል "የቪትዝ ነው" ብቻ ብሎ የሚሸጥልህን አትመን። "የሌላ መኪና ነው ግን ይገባል" የሚልህንም ያው። መግባትማ ይገባል።

ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ አይሠራም።

ቪትዟ ከለገጣፎ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

የእኔ 11 ነበር ማለት ነው!

ግን ሁላችሁም ሞላ ሞላ ትላላችሁ፣ ጎማውን የሚያይ የለም? 165 የነበረው 185 ሆኗል እኮ።

ቁጥር ይውደድ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

ልክ ነሽ፣ እኔም ወደሱ ልመጣ ነበር።

165/70/14 ከዳር እስከ ዳር ቁመቱ 587 ሚሊ ገደማ ነው። 185/70/14 ደግሞ 615። ግማሹን ስንወስድ መኪናዋ ከመሬት 14 ሚሊ ከፍ ብላለች። ያቺኑ 14 ሚሊ ግን ከላይ ፓራፋንጎው ሥር ከፍሎባታል። ስፋቱ ደግሞ በ20 ሚሊ ጨምሯል፣ 10 ወደ ውስጥ፣ 10 ወደ ውጭ። ወደ ውጭ የወጣችው 10 ናት ጠርዙን የምትነካው። ጎማው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቢሆን ወደ ላይ ቢመጣም በጎኑ ያልፍ ነበር። በነገራችን ላይ የፍጥነት መቁጠሪያህም ይዋሽሃል፤ 80 ሲልህ 84 ገደማ ነህ። የናዝሬት ፈጣን መንገድ በርህ ላይ ስለሆነ ነው የምነግርህ።

ቸርኬውንም ገልብጠህ እይ። ጀርባው ላይ ኦፍሴት የሚባል፣ ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ የሚናገር ቁጥር ተቀርጾበታል። የድሮው 45 ሆኖ የአሁኑ 35 ከሆነ፣ ጎማህ ሌላ 10 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወደ ውጭ ነው።

የቱሉ ዲምቱው · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:30

ጋራዥ ውዬ መምጣቴ ነው። የቀኙ ሞላ የታችኛው ዙር ተሰብሯል! ስባሪው እዚያው መቀመጫው ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቁጭ ብሏል። የተሰበረበት ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ገና ያበራል። ከላይ ለሚያየው ደህና ሞላ ነው። መካኒኩ ራሱ ካልፈታው አይታይም ነበር አለኝ።

ቸርኬውንም ገለበጥኩት። የአሉሚኒየሙ ኦፍሴት ከብረቱ ያንሳል። ልዩነቱ 7 ሚሊ ነው።

አሁን ጥያቄዬ፦ የፋብሪካውን ልክ ሁለት አዲስ ሞላ ልግዛ ወይስ የ10.5ቱን? የድሮው ሽቦ ቀለሙን ፍቄ ስለካው 10 ነው።

ቪትዟ ከለገጣፎ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:02

የፋብሪካውን። ጎማውንም ሲያልቅ ወደ 165 መልሰው፣ ቢበዛ 175። ይኼው ነው።

ቁጥር ይውደድ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:20

እኔ 10.5 እላለሁ። በየቀኑ ሦስት ሰው ኋላ የሚይዝ ሰው በየቀኑ ጭነት ላይ ነው። አልፎ አልፎ ቢሆን ከእህታችን ጋር ነበርኩ።

ጋሽ መፍቻ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:40

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እሱ ግን ጎማውን ዛሬ አይጥልም። ጎማ በስንት ብር እንደሚገዛ እናውቃለን። ስለዚህ 10.5ቱን ያስገባ፣ የብረት ቸርኬውን ይመልስ። ከዚህ በላይ ግን አትጠንክር ልጄ። የኋላው ብቻ እየጠነከረ ሲሄድ እህትህ እንዳለችው እርጥብ ኩርባ ላይ ኋላው ቀድሞ ይለቃል።

ጥቂት ነገር ለመካኒክህ ንገረው። ሞላ በጥንድ ነው የሚቀየር፣ አንዱን ብቻ አይሆንም። አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ እሱም ይቀየር። የጠነከረ ሞላን የሚገታ ደህና አሞርዛተር ይፈልጋል፣ ካልሆነ ጉብታ ካለፍክ በኋላም ስትወዛወዝ ትቆያለህ። የላስቲክ መቀመጫዎቹን አዲስ ያድርግ፣ መቀመጫውንም ከጭቃ ያጽዳ። የአክስሉን ጎሚኒ (የላስቲክ ማያያዣ) ቡሎኖች ፈትቶ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ የሚያጠብቃቸው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ካጠበቀው ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል።

ቦዲ የሚያቃና ባትላሜራ ጋ ሄዶ ጠርዙን ማሳጠፍ የሚሉህ ይመጣሉ። ይቻላል፣ ግን ቀለሙ ሲሰነጠቅ ዝገት ይገባል። የመጨረሻ አማራጭ አድርገው። አሁን ያበራል ያልከውን ብረት ግን ቀለም ቀባው።

የቱሉ ዲምቱው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:25

ገብቷል። 10.5፣ ሁለቱም አዲስ፣ የብረት ቸርኬው ተመልሷል፣ ላስቲክ ማቆሚያዎቹም ተቀይረዋል። አሞርዛተሮቹ ደረቅ ነበሩ፣ ትቻቸዋለሁ።

ሲሚንቶው ሳያልቅ ብዬ ፈጥኜ ለካሁ፦

ባዶዋን፦ ግራ 381፣ ቀኝ 380
2 ኩንታል ይዛ፦ ግራ 335፣ ቀኝ 334

ቁጥር ይውደድ፣ 27 ብለህ ነበር፣ ግራው 29 ሰጠኝ። የግራውም ትንሽ ወርዶ ኖሯል መሰለኝ። ፒስታው ላይ ሦስት ሰው ይዤ ድምፅ የለም። መታጠፊያው ጋ ያለችው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ በፍጥነት ከገባሁ ብቻ ትንሽ ይነካል። እሷን ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። ብቻዬን ስሆን ጠንከር ይላል፣ ግን አይዘልም። ጎረቤቶቼ ምንም አላሉም፤ ልዩነቱን ያወቀው ሹፌሩ ብቻ ነው።

የተራው ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

እሰይ! የፊት መብራትህን አሳይ ደግሞ። ኋላዋ ከፍ ካለ መብራቱ መሬት መሬት ያያል። ማታ የምትነዳ ከሆነ ያስቸግርሃል።

ፒስታ ነጂ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:15

ትናንት አምስት ሆነን ሄድን። ነካ። ያ የ10.5ቱ የዕቃ ቁጥር ሙሉውን በውስጥ ላክልኝ።

ባለ ሃይሉክስ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:00

ይሄ ነገር ለባሌስትራም (ለድርብርቡ ዝርግ ሞላ) ይሠራል? የእኔ ሱሉልታ ድርቆሽ ስጭን ጎማው ይነካል።

ጋሽ መፍቻ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:35

አንተ ሌላ ክር ክፈት ልጄ፣ እመጣለሁ። ባሌስትራው ስንት ድርብ እንደሆነ ቁጠር፣ ባዶዋንና ተጭና ለክተህ ጻፍ። ድርቆሹንም መዝነው፣ "አንድ መኪና ሙሉ" አትበለኝ።